ከቁርበት ማኅበር ጋር ወደ ጉና

ፎገራ ላላችሁ ዘመዶቼ፣ ይልቁንም በየዓመቱ ስመጣ «ያ ከሩቅ የሚታየን ተራራ ላይ ሰው ምን ይሠራል?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ። ከጉና ከተመለስሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የግራ አውራ ጣቴ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፤ ቀኜ ግን ደህና ስለሆነ ነገሩ ሳይረሳኝ ልጽፈው ተቀመጥሁ። እናንተ ውሃ እንኳ ወዴት እንደሚፈስ ግራ የሚገባው ሜዳ ላይ ተወልዳችሁ እዚያው ስለኖራችሁ ቁልቁለትን የምታውቁት በወሬ ነው። እኔም ደብረ ታቦር ገብቼ ብራና እየፋቅሁ መጻፍ ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ጉናን ከደጄ ቆሜ ከማየት በቀር ረግጬው አላውቅም ነበር።

የሄድሁት ማኅበር ገብቼ ነው። ማኅበር ስላችሁ ዝክር እንዳይመስላችሁ። ይህ የከተማው ሰው እየሳቀ «የቁርበት ማኅበር» የሚለው ነው። በክረምት ጉና ላይ በረዶ ሲወርድ ሄደው፣ የበሬ ቁርበት ላይ ተቀምጠው፣ ከላይ እስከ ታች ይንሸራተታሉ። ሌላ ሥራ የላቸውም። ጎረቤቴ ደርሶ፣ ኮርቻ ሰፊው፣ አንድ ቀን ጠፍር ሊዋሰኝ መጥቶ ነው የነገረኝ።

«ምን ትጠቀማላችሁ?» አልሁት።

«አንድ ጊዜ ወርደህ ራስህ ንገረኝ» አለኝ።

የማኅበሩ አለቃ እመት ዘነበች ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። ጉና ሥር ተወልደው፣ ደብረ ታቦር አግብተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው የተቀመጡ ሴት ናቸው። ልገባ እንደምፈልግ ብነግራቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «የፎገራ ሰው ነህ አይደል? አቀበት ላይ ታለቅሳለህ?» አሉኝ። «አላለቅስም» አልሁ። «እንግዲያው ቁርበትህንና አንድ አቁማዳ በሶ ይዘህ ና። ሕጋችን ሁለት ነው፦ ሳያማትብ የሚወርድ የለም፤ የወደቀ ሰው ራሱ ቀድሞ ሳይስቅ የሚስቅበት የለም።» በዚሁ ገባሁ።

ባለቤቴ ወርቄ ግን አልወደደችውም። «የምንበላው በእጅህ ነው። ሰብረኸው ብትመጣ ያን ዳዊት ማን ይጨርሰዋል?» አለችኝ። የአንድ ደብር ዳዊት እኩሌታው ተጽፎ እቤቴ ነበር። እጄን እጠብቃለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቁርበቴን ስፍቅ ሰነበትሁ። ሌሎቹ ፀጉሩን እንዳለ ነው የሚይዙት። እኔ ግን ሙያዬ ነውና ፀጉሩን ነቅዬ፣ በድንጋይ ፈግፍጌ፣ እንደ ብራና አለሰለስሁት። ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጭ ነበር። ለማንም አላሳየሁም፤ ጉና ላይ ዘርግቼ ላስደንቃቸው ብዬ ጠቅልዬ ያዝሁት።

ሰኞ፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ ወፍ ሲንጫጫ ተነሣን። ስድስት ሰውና አንዲት በቅሎ ነን። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ዘመቻ ላይ ስለነበሩ ከተማው ጭር ብሏል፤ የሚሰማው በጋፋት ያሉት ፈረንጆች ብረት ሲቀጠቅጡ ብቻ ነው። ከከተማው እንደወጣን ዝናቡ ያዘን። ሁላችንም ገሳ ደፍተናል። ገሳ ማለት ከሣር የተሠራ የዝናብ መከለያ ነው፤ ከኋላ ሲያዩት ስድስት ትንንሽ ጎጆ ተከታትሎ የሚሄድ ይመስላል። የእናንተ ጭቃ ጥቁር ነው፣ እግር ይውጣል። የዚህ ጭቃ ቀይ ነው፣ እግር ይጥላል። ገሳይ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ሦስተኛው የከብት መጠጫ ኩሬ ውስጥ ነበር፤ ከአንገቴ በታች ያልራሰ የለም። ሕጉን አስቤ ቀድሜ ሳቅሁ። አምስቱም ያን ጊዜ ብቻ ሳቁ፤ ቶሎ ግን አላቆሙም።

ገሳይ ያሳደሩን አንድ ገበሬና ሚስቱ ናቸው። እመት ዘነበችን በየዓመቱ ስለሚያሳድሩ እንደ ዘመድ ናቸው። ሴትዮዋ እኔን ስታየኝ ደነገጠች። «ይህ ሰው ሳይነጋ ብርድ ይገድለዋል፣ ልብሱን አውልቁት!» አለች። ነገር ግን ዝናቡ ሁሉን አርሶት ነበርና በቤቱ የተረፈው ደረቅ ልብስ የራሷ ቀሚስ ብቻ ነበር። ጥልፍ ያለው ቀሚስ ነው። ለብሼው እሳት ዳር ተቀመጥሁ። ባልየው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጠላ እየቀዳልኝ ስለ ገብሱ ያወራኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ጥልፉ ለደረትህ ይስማማል» አለኝ። የገብስ እንጀራ በዶሮ በላን። እንጀራው ከእኛ ጤፍ ይወፍራል፣ ይጠቁራልም፤ ግን በዚያ ብርድ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይሞቃል። መደባቸውን ለእኛ ለቀው እነሱ ከበግና ከጥጃ ጋር መሬት ተኙ። እንቢ ብንል አልሰሙንም።

ማክሰኞ አቀበቱ ጀመረ። ረፋድ ላይ አንድ ወንዝ ደረስን። ደርሶ «እወቀው እንጂ፣ ሰላምታ ስጠው፣ አገርህ ነው የሚወርደው» አለኝ። ለካ ርብ ነው! በየክረምቱ ማሳችሁን የሚውጠው፣ ከብት የሚወስደው ርብ፣ እዚህ ጉልበቴን እንኳ አልሞላም። ሳቅሁበት። ደርሶ ግን «ላይ ላይ ከዘነበ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ያን ጊዜ ሁለት ቀን የሚሻገረው የለም» አለ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። መንገዱን ሙሉ ሲቀልዱ የመጡት እመት ዘነበች እዚያ ሲደርሱ ዝም አሉ። ከማዶ ባለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጥቂት ተቀመጡና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው መሄድ ቀጠሉ።

ከዚያ በላይ እህሉ እያጠረ መጣ፣ ዛፉም አለቀ። ጅብራ የሚባል አንድ ተክል አለ፤ ግንዱ እንደ ሰው ቁመት ቀጥ ብሎ፣ ቅጠሉ ከላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነ ነው። በጉም ውስጥ ሲቆም ሰው ይመስላል። እኔም ሰው መስሎኝ ሁለት ጊዜ «እንደምን ዋላችሁ» ብያለሁ። ትንፋሼ አጠረ። እናንተ ጋ ቀኑን ሙሉ ብሄድ የማይደክመኝ ሰውዬ፣ ሃያ እርምጃ ሄጄ በበቅሎዋ ጭራ እደገፍ ጀመር። እመት ዘነበች በትራቸውን ይዘው ከፊቴ ቱር ቱር ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ በጉና ጥግ ያለች አንዲት መንደር ገባን። ያረፍነው በመንደሩ ዳር ካለ የአንድ ቄስ ቤት ነው። ገና ገሳችንን ሳናወልቅ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ወረደ። የጣሪያውን ሣር እንደ ዱላ ይደበድበዋል፤ ሰው ቢጮህም አይሰማ። በቅሎዋን እቤት አስገባናት። ቄሱ በአንድ እጃቸው ልጓሟን፣ በሌላው መስቀላቸውን ይዘው ይጸልያሉ። እመት ዘነበች ግን እጃቸውን እያፋተጉ «ጨምርልን፣ ጨምርልን!» ይላሉ። ሲያባራ ወጥተን አየን። ተራራው ከጫፉ እስከ መንደሩ አጥር ድረስ ነጭ ሆኗል። እናንተ በረዶ የምታውቁት ከዝናብ ጋር ወርዶ መሬት ሳይነካ ሲቀልጥ ነው። ይህ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ተከምሯል። አገሩ ሁሉ ጨው የተሰጣበት ይመስላል። ቀምሼው ስለነበር ጨው አለመሆኑን አረጋግጫለሁ።

እዚያ ቆመን ሳለ መንደሩ ሰፊ ሆኖ ለምን ዳር ላይ እንዳረፍን ደርሶን ጠየቅሁት። እመት ዘነበች ቤት መግባታቸውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ከታች የሚታየው፣ በአስታ እንጨት የታጠረው ግቢ የወንድማቸው የአያ ቢሻው ነው። የተወለዱበት ቤት ነው። ሰባት ዓመታቸው ነው፣ አይነጋገሩም።»

«በምን ተጣሉ?»

«እናታቸው ሲሞቱ አያ ቢሻው እኅታቸው ሳይደርሱ ቀበሩ። እመት ዘነበች በማግስቱ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። በዚያው እግራቸው ‹ሁለተኛ በበርህ አልገባም› ብለው ማሉ። በየዓመቱ ይኸን ያህል መንገድ መጥተው፣ ያንን ጣሪያ ከላይ እያዩ ተንሸራትተው ይመለሳሉ።»

ከዚያ በኋላ ግቢውን ባየሁ ቁጥር እመት ዘነበችንም አይ ነበር። ፊታቸውን ወደዚያ አያዞሩም። የማያዞሩበት አኳኋን ግን ዞሮ ከማየት ይበልጥ ያስታውቅ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወደ ላይ ወጣን። በረዶው ሌሊቱን ረግቶ ጠንክሯል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ቄሱም አብረውን ወጡ፤ እሳቸው የሚመጡት ለጸሎት እንጂ ለመንሸራተት እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። መጀመሪያ የወረዱት እሳቸው ናቸው። ጥምጣማቸውን አጥብቀው፣ አማትበው፣ «ሃሌ ሉያ» እያሉ ጠፉ። ቀጥሎ ደርሶ ሄደ። እሱ ቁርበት አይወድም፤ የዋንዛ ሳንቃ አለው። ሁለት የጠፍር ማነቆ ሠርቶለት እግሩን ያስገባና ቆሞ ነው የሚወርደው። እጁን እንደ አሞራ ዘርግቶ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ሲወርድ ሳይ፣ ኮርቻ ሰፊነቱ ያለ ቦታው የገባበት ሥራ መሆኑ ታየኝ። እመት ዘነበች ደግሞ በቁርበታቸው ላይ እንደ እመቤት ተቀምጠው፣ የፊቱን ጫፍ በጠፍር ወደ ራሳቸው ስበው፣ በትራቸውን ከኋላ እንደ መቅዘፊያ እየነከሩ ወረዱ። ጓሳው ሣር ከበረዶው ብቅ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ቀስ ብለው ቆሙ። ሁሉም የሚቆመው እዚያ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ቁርበቴን ፈታሁት። በፀሐዩ አብለጨለጨ። ከላይ ከእኔ ጋር የቀረው አንድ ማኅበርተኛ አየውና ዓይኑን አፈጠጠ።

«ፀጉሩስ?»

«ነቀልሁት። እንደ ብራና ነው፣ እየው።»

«ሰውዬ፣ የሚያቆምህ እኮ ፀጉሩ ነው!»

ይህን ሲለኝ ተቀምጫለሁ፣ አማትቤያለሁ፣ ቁርበቱም መሄድ ጀምሯል።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጣና ላይ በታንኳ ንፋስ ገፍቶን ያውቃል። በፈረስ ጉግስም ሮጫለሁ። ይህ ሁለቱንም አይመስልም። መጀመሪያ ሆዴ ከላይ ቀረ። ቀጥሎ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ከዚያ አንድ ደስታ መጣ፤ የማውቀው ሥራ፣ ዕዳ፣ ዕድሜ ሁሉ ከኋላዬ ተበትኖ የቀረ፣ እኔ ብቻ ቀልዬ የምሄድ መሰለኝ። ጮህሁ። ምን ብዬ እንደጮህሁ አላውቅም፤ ኋላ ደርሶ እንደነገረኝ «ወርቄ!» ነው ያልሁት። ደርሶን አለፍሁት። ቄሱን አለፍኋቸው። እመት ዘነበች «እግርህን ትከል! እግርህን!» ሲሉ ሰማሁ፤ እግሬን ብተክል በረዶው በፊቴ ላይ ተበተነ እንጂ አልቆምሁም። ጓሳውንም አልፌ ሄድሁ። ከፊቴ የአስታ አጥር መጣ። እጄን እንደምጠብቅ ለወርቄ የገባሁት ቃል ትዝ አለኝና ሁለቱንም ብብቴ ውስጥ ከተትሁ።

አጥሩን ሰብሬ ገባሁ። ጣሪያ ሊከደንበት በታጨደ የጓሳ ክምር ላይ ወድቄ እስከ ወገቤ ሰመጥሁ። ቁርበቴ እኔን ትቶ ግቢውን አቋርጦ በበሩ ደጃፍ ሄዶ ቆመ። እዚያ ደጃፍ ላይ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ለብሰው ፀጉር እየፈተሉ ተቀምጠዋል። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ቁርበቱን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ዛሬ ‹ቤቶች!› ማለት ቀረ?» አሉ።

ከክምሩ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። አያ ቢሻው መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አፍንጫቸው የእመት ዘነበች አፍንጫ ነው። የግራ አውራ ጣቴ ከብብቴ ሾልኮ ኖሮ ወልቆ ነበር። እቤት አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጡኝና፣ ለጋ ቅቤ አምጥተው እያሹ ስለ ፎገራ ከብት ይጠይቁኝ ጀመር። ስለ ከብታችን ቀንድ ርዝመት እየነገርኋቸው ሳለ ጣቴን ሳብ አድርገው መለሱት። ጮህሁ። «አለቀ፣ ስለ ቀንዱ ቀጥል» አሉኝ። የአጥሩን ነገር አንዴም አላነሡብኝም። ጾም ስለሆነ ሰዓቱ ሲደርስ የምበላው ብለው ቆሎ በቁና አጠገቤ አስቀመጡ።

ኋላ «ከማን ጋር መጣህ?» አሉኝ።

ልዋሽ አልቻልሁም። «ከእመት ዘነበች ጋር።»

እሳቱን ቆስቆስ አደረጉ። እንዲህም አሉኝ፦ «ልጅ፣ አንተ እንግዳ ስለሆንህ ልንገርህ። እናታችን ስታጣጥር መልክተኛ ልኬ ነበር። ዝናብ ነው፣ ወንዙም ሞልቷል። መድረሱንም አላውቅም። እናቴ ‹ዘነበች መጣች?› አለችኝ። ‹እየመጣች ነው፣ ወንዙ ጋ ደርሳለች› አልኋት። ዋሸሁ። እሷም ደስ ብሏት ፈገግ አለች፤ በዚያው አረፈች። አንድ ቀን ሬሳውን አቆየሁ። ከዚያ በላይ ካህናቱም አልፈቀዱ፣ እኔም አልቻልሁም። ዘነበች ሳትቀብር በመቅረቷ ተቆጣችኝ፣ እውነቷን ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው፤ እናቴን የሸኘኋት በውሸት ነው።»

ይህን ሲሉ ከውጭ የደርሶ ድምፅ መጣ። «ጸሐፊ! አለህ?»

«አለሁ!»

ወጣን። ማኅበሩ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ተሰልፏል። በሰበርሁት ቀዳዳ በኩል እመት ዘነበች ይታያሉ። እስከዚያች ቀን እንዲያ ፊታቸው ገርጥቶ አይቻቸው አላውቅም፤ ሞቼ እንደሆነ ፈርተው ኖሯል። በሕይወት መኖሬን ሲያዩ ግን ወዲያው ተቆጡ።

«ሰዌን መልስልኝ» አሉ፣ ወንድማቸውን ሳያዩ።

«ሰውሽ ደህና ነው። ገብተሽ ውሰጂው።»

«በበርህ እንደማልገባ ምያለሁ። ታውቃለህ።»

አያ ቢሻው ወደ ግቢው በር ተመለከቱ፤ ቀጥሎ ወደ ቀዳዳው።

«በበሬ ነው ያልሽው?»

«በበርህ።»

«ይኼ በር አይደለም። ይኼ ጸሐፊው የገባበት ነው።»

እመት ዘነበች ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱ በረዶ የያዘውን ጢማቸውን እየጠረጉ ትንሽ አሰቡ። «በር ማለት» አሉ፣ «ሰው አስቦ ያበጀው፣ መዝጊያ ያለው ነው። ይኼን አስቦ ያበጀው የለም» ብለው ወደ እኔ አዩ፤ «መዝጊያም የለው። ለመሐላው ለራሱ ስግደት እሰጣለሁ፤ እሱን ማታ እንነጋገራለን።»

እመት ዘነበች ጎንበስ ብለው ገቡ። ነጠላቸው በተሰበረው እንጨት ተያዘ። አያ ቢሻው ሄደው ሲያላቅቁላቸው ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ቆሙ። ጨርቁ ከተላቀቀ በኋላም አያ ቢሻው እንደያዙት ቀሩ።

«አያዬ፣ ትንሽ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት?» አሉ እመት ዘነበች። ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ሆነ።

ያን ጊዜ አያ ቢሻው ለእኔ የነገሩኝን ነገሯቸው። «‹ወንዙ ጋ ደርሳለች› ብዬ ዋሸኋት» ሲሉ፣ እመት ዘነበች ክንዳቸውን ጨበጧቸው።

«መቼ? መቼ ነው ያልሃት?»

«ዓርብ፣ ከብት ሲገባ።»

«ዓርብ ከብት ሲገባ ወንዙ ጋ ነበርሁ!» አሉ። «መልክተኛው እንደነገረኝ እንደቆምሁ ነው የወጣሁት። ርብ ሞልቶ ያዘኝ። ሁለት ቀን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃውን ስረግመው ነበር። አልዋሸሃትም፣ አያዬ። ወንዙ ጋ ነበርሁ።»

ሸበቶው ሰውዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኅታቸውም አጠገባቸው በረዶው ላይ ተቀመጡ። እኛ አጥሩን የምንመረምር መስለን ፊታችንን አዞርን። ደርሶ ደጋግሞ አፍንጫውን ሲጠርግ፣ ብርዱ ነው አለ።

ሐሙስ ጠዋት በግ ታረደልን። በልተን ስናበቃ አያ ቢሻው ከጎታው ጀርባ አንድ ቁርበት አወጡ። ጠርዙ አልቋል፣ ፀጉሩም ሳስቷል፤ ልጆች ሳሉ አባታቸው ያበጁላቸው ነው። «በዚህ ዕድሜ?» አሉ እመት ዘነበች። «እኔ ከፊት» አሉ አያ ቢሻው። «አንተ ከፊት ስትሆን ሁልጊዜ እንወድቃለን!» ሲጨቃጨቁ ወደ ላይ ወጡ። ጥላ በያዘው ሸንተረር ላይ በረዶው አልቀለጠም ነበር። ሁለቱ በአንድ ቁርበት፣ እመት ዘነበች የወንድማቸውን ወገብ ይዘው፣ ወረዱ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ወደቁ። ሁለት ሽበት፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ባና እየተንከባለለ መጥቶ ጓሳው ውስጥ ቆመ። እኛ ሕግ አለብንና ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። እመት ዘነበች ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ያን ጊዜ ተለቀቅን። እኔ ያን ቀን የወረድሁት በቄሱ ቁርበት፣ ፀጉር ባለው ነው። ጓሳው ጋ በሥርዓት ቆምሁ።

ዓርብ አጥሩን ልጠግን ብል አያ ቢሻው ከለከሉኝ። «እንዲያው ይቆይ» አሉ። ስንነሣ «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ልሸኛችሁ» ብለው በትራቸውን ያዙ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ከእኅታቸው ጋር የያዙት ወሬ ስላላለቀ «እስከ ወንዙ» አሉ። ወንዙ ጋ ለሰባት ዓመት ያልተነገረው ሠርግ፣ ልደት፣ የሞተ፣ የታመመ ገና እየተቆጠረ ነበርና ተሻገሩ። «ገሳይ የማውቀው ሰው አለ፣ እሱን ጠይቄ እመለሳለሁ» አሉ። ገሳይ ያ ባለቀሚስ ቤት አደርን፤ ሴትዮዋ አየችኝና ቀሚሱን ከመስቀያው አነሣች፣ እኔ ግን ያን ቀን ደረቅ ነበርሁ። የሚያውቁትን ሰው አያ ቢሻው አልጠየቁም።

ቅዳሜ ጠዋት «እስከዚያ ኮረብታ» አሉ። ኮረብታውን አለፍነው። ደርሶ ቀስ ብሎ «ስንቅ አልያዙም እኮ» አለኝ። «ሳቅህን ያዝ» አልሁት። እንዲህ ስንሄድ ዝናቡ እንኳ ትቶን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደብረ ታቦር ገባን። አያ ቢሻው ከተማውን ካዩ ረጅም ጊዜያቸው ነበር፤ «የሰው ብዛት!» እያሉ የእኅታቸውን እጅ ይዘው ሄዱ። የእኅታቸውን ቤት አይተውት አያውቁም ነበር። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እንግዲህ ከዚህ ልመለስ» አሉ።

እመት ዘነበች መዝጊያውን ከፈቱና ቀድመው ገብተው እሳት ማንደድ ጀመሩ። አያ ቢሻው ትንሽ ቆሙ፤ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔና ደርሶ ጭነቱን እያወረድን ከውስጥ ድምፃቸውን እንሰማለን።

«ይኼን ጣሪያ ማን ነው የከደነልሽ?»

«ምን ሆነ?»

«ጠማማ ነው። ነገ አፍርሼ እከድነዋለሁ።»

«አንተ በመጣህ ቀን!»

«ነገ እሑድ ነው። ከነገ ወዲያ።»